ያጸዳችሁት ጥግ ተመልሶ እንዳይቆሽሽ

ደሴ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ እሸጣለሁ። ከመደብሬ ጀርባ ያለችው ጠባብ መተላለፊያ ለዓመታት የአላፊ አግዳሚው ሽንት ቤት ነበረች። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «መሽናት ክልክል ነው» ብለን ጻፍን፤ በማግስቱ ጽሑፉ ራሱ ረጥቦ አገኘነው። መንገደኛው መሄጃ አጥቶ እንጂ ነውር ጠፍቶት አይደለም። ከአምስት ጎረቤቶቼ ጋር ጥጓን ስናጸዳና አጠገቧ ተዘግቶ የኖረውን የጋራ መጸዳጃ ቤት ስንከፍት የተማርኩትን እነግራችኋለሁ።

ወፍራም የላስቲክ ጓንትና ቦት ጫማ ሳታደርጉ ሥራውን አትጀምሩ። ዐይነ ምድሩ ላይ አመድ ነስንሱ፤ እርጥበቱን ይመጥጠዋል፣ በአካፋ ለማንሣትም ይቀላል። መሬቱ አፈር ከሆነ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ቆርጣችሁ አብራችሁ አንሡት፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት፣ ሲብስም ለዓመታት ይቆያል፣ በረኪናም አይበግረውም። ያነሣችሁትን ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ጨምሩት እንጂ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉት። ወደ ቦይ መጥረግማ አይታሰብ። የደሴ ቦይ የሚወርደው ወደ ቦርከና ወንዝ ነው፤ ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ በዚያ ውኃ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ። ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል።

ሲሚንቶ የሆነውን ወለል በውኃና በሳሙና ፈትጉት። የበረኪና ተራ ከዚህ በኋላ ነው፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር በረኪና 9 ሊትር ውኃ ጨምሩ። ወለሉን አርሳችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ እጠቡት። የዕለቱን በዕለቱ በጥብጡ። አንድ ቀን ሽንት ባቆረ ወለል ላይ በረኪናውን እንዳለ ደፋሁበት፤ የተነሣው ትነት ዓይኔን አቃጥሎ ቀኑን ሙሉ አሳለኝ። ሽንቱን አስቀድማችሁ በብዙ ውኃ አስወግዱ። በረኪናውን ከአሲድ ጋር ግን ፈጽሞ አታገናኙት፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል።

ይህን ሁሉ ለፍታችሁ አጠገቡ ክፍት በር ከሌለ ድካማችሁ በሳምንት ውስጥ መና ይቀራል። የእኛ መጸዳጃ ቤት የሚከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ነበር፤ የሩቅ መንገደኛ ግን መናኸሪያ የሚደርሰው ጎህ ሳይቀድ ነው። አሁን ቁልፉ ሌሊት 10 ሰዓት እሳት በምታያይዘው ሻይ ሻጭ፣ በእኔ እጅ ነው። እናንተም ቁልፉን ማልዶ ለሚነሣ ሰው ስጡት። ትንሽ ክፍያ ለሳሙናና ለውኃ ያስፈልጋል፤ ሕፃንና ሳንቲም የሌለው ሰው ግን አይመለስ።

አራት ክፍል ነበረን፤ ሁለቱ የወንድ፣ ሁለቱ የሴት። ከገጠር ለገበያ የሚመጡ እናቶች ሽንት ቤት ፍለጋ እንዳይቸገሩ ብለው ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ እንደሚውሉ ሲነግሩኝ አንጀቴ ተላወሰ። ሦስቱን ለሴት አደረግናቸው። ለዕርዳታ ሥራ የወጣው የስፌር መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፣ ለአንድ የወንድ ሦስት የሴት። ከውስጥ የሚቀረቀር መወርወሪያና ክዳን ያለው ቅርጫት አትርሱ። የንጽሕና መጠበቂያ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ የመምጠጫ መኪናውን ቱቦ ይደፍናል።

ውኃው እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ በጀሪካንና በጣሳ ይቀመጥ፤ ሙስሊም ወገኖቻችን የሚጸዱት በውኃ ነው። አዲስ መቀመጫ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ አቅጣጫውን አስቡበት። መካ ከደሴ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት፤ ስለዚህ የተቀማጩ ፊትም ጀርባም ወደ ቂብላ፣ ማለትም ሙስሊሞች ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ፣ እንዳይሆን መቀመጫው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይዙር። ግንበኛው ሲሚንቶውን ከማፍሰሱ በፊት ንገሩት፤ ከደረቀ በኋላ ማፍረስ ነው።

ግድግዳው ላይ የነበረውን ቀይ ጽሑፍ በኖራ ሸፍነን በቦታው ወደ በሩ የሚያመለክት ቀስት ሣልን። ማንበብ ለማይችል መንገደኛም ከቀስቱ አጠገብ ጣሳ ሣልንለት።