የባልና ሚስት የገና ካርድ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ካርድ ማዘጋጀት ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ አዲስ ተጋቢዎች ወደ ሱቄ መምጣት ይጀምራሉ። የሁሉም ልመና ተመሳሳይ ነው፦ «‹እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ› የሚለውን ማንም ይጽፈዋል፤ ለእኛ ለየት ያለ ፈልግልን።» ከራሳቸው ቤት የወጣ ቃል ለዘመድ ሊልኩ የሚፈልጉ ልጆች ናቸውና እወዳቸዋለሁ። ግን ያው ስህተት በየዓመቱ ሲመላለስ ማየቱ ስለሰለቸኝ ዘንድሮ ልጻፈው አልሁ።

ከሁሉ በፊት፣ እባካችሁ፣ «ገና» በሚለው ቃል አትጫወቱ።

የበዓሉ ስም ጠብቆ ይነበባል፤ ያልደረሰ ነገር ስንናገር ደግሞ ላልቶ። ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። በየዓመቱ ሦስት አራት ጥንድ ይህን ቅኔ እነሱ ብቻ ያገኙት እየመሰላቸው ይመጣሉ፦ «ፍቅራችን ገና ነው»፣ «ለእኛ ሁሌም ገና ነው»። ለሁለቱ ያምራል። ካርዱ የሚሄደው ግን ለእናት፣ ለአማት፣ ለክርስትና አባት፣ ለሚዜ ነው። እነሱ ቤት ደግሞ ካርድ በዓይን አይነበብም፤ ልጅ ተጠርቶ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ልጁም ወይ አጥብቆ ወይ አላልቶ ማንበብ አለበት፤ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማንበብ አይችልም።

ከአራት ዓመት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ልጆች መጡና «ለእኛ ዘንድሮም ገና ነው» የሚል ካርድ አሠሩ። የባልየው እናት ሐይቅ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል። ካርዱ ሲደርስ ቡናው ቶና ላይ ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ተጠርታ አላልታ አነበበችላቸው። እኚህ እናት በዚያው ዓመት መስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥተው፣ ለልጃቸው ቤት ልጅ እንድትሰጥላቸው ስለት ተስለው ነበር። ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሰው ዝም አሉ። በበዓሉ ጠዋት ልጃቸው ሲደውልም «እሺ፣ ዘንድሮም ገና ነው ብላችሁ ልካችኋልኮ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ልጆቹ ነገሩ የገባቸው ከሳምንት በኋላ ነው። ሚስትየው ሱቄ መጥታ ስትነግረኝ እንባዋን መያዝ አልቻለችም።

ያንን ቃል የመረጥሁላቸው እኔ ነኝ። እነሱ ሌላ ነገር ይዘው መጥተው ነበር፤ «ይሄ ይሻላል» ብዬ ያስቀየርኋቸው እኔ። በሚቀጥለው እሑድ ሐይቅ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «አብሽር ልጄ፤ አንተ ምን ታውቃለህ» ብለው መርቀው ሸኙኝ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቃል ከማተሜ በፊት ነገሩን ለማያውቅ ሰው ሰጥቼ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደርጋለሁ። ደጃፌ ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያነብልኝ እሱ ነው። እሱ የተደናቀፈበት ቃል አይታተምም። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ እንዲሁ አድርጉ፤ ለሚያነበው ሰው ግን አስቀድማችሁ ምንም አታስረዱ።

ሁለተኛው የጊዜ ስህተት ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚባለው ቀኑ ላይ ሲደረስ ነው። 401 ኪሎ ሜትር ርቀው አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች በአውቶቡስ በሚሄድ ሰው እጅ የሚልክ፣ ካርዱን ሳምንት አስቀድሞ ይሰጣል። ሳምንት ሲቀረው የሚነበብ ካርድ «በሰላም ያድርሳችሁ» ነው የሚለው። ሽማግሌዎች ይህን አያልፉትም፤ በመካከሉ ሰው ሊታመም፣ ሊሞት ይችላልና ያልተደረሰበትን እንደተደረሰበት መናገር ደስ አይላቸውም።

ቀን የምታስጽፉ ከሆነም ዘመኑን እዩ። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ነው እንጂ 29 አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ስንት ካርድ «ታኅሣሥ 29» ተብሎ ታትሞ እንደተጣለ እኔ አውቃለሁ። የሚቀጥለው በ2020 ዓ.ም. ነው።

ግዕዝ የምትወዱም አላችሁ። ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም ላይ፣ ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራ ላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ሲቀባበሉ የሰማ ሰው ያንን ቃል ካርዱ ላይ ቢፈልግ አልፈርድበትም፤ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ማለት ነው። ነገር ግን ከስልክ የሚመጣልኝ ጽሑፍ ሁሌም የተበላሸ ነው፤ «ተወልደ» የነበረው «ተወለደ» ብሎ አማርኛ ይሆናል፣ «ዮም»ም «ዩም» ይሆናል። የኔታ ዘንድ ወስዳችሁ አሳዩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ሙሽራ ደግሞ «ዓለም» የሚለውን «ዓለሜ» አድርጎ ለሚስቱ ማቆላመጫ አዞረው። አማቱ ቄስ ነበሩ። የጸሎት ቃል ለቁልምጫ አይሆንም፤ ሚስታችሁን የምታቆላምጡበት ስንት የአማርኛ ቃል ሞልቶ!

ወሎ ነንና አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት መኖሩ አዲስ አይደለም። የሷ ወላጆች ክርስቲያን፣ የሱ ሙስሊም፤ ወይም የተገላቢጦሽ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አያለሁ። አንደኛው ለሁሉም አንድ ጽሑፍ መላክ ነው። ሁለተኛው ገናንና ዒድን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለማጣመር መታገል፤ ይሄ ሁለቱንም ወገን ያሳቅቃል። ካርዱ አንድ ይሁን፣ ጽሑፉ ሁለት። ለክርስቲያኖቹ ብርሃነ ልደቱን ጥሩ። ለሙስሊሞቹ ወላጆች ባለፈው ዓመት አንድ ጥንድ የጻፉት ይኸውና፦ «በዓሉን ያለ እናንተ አናደምቀውም። ዱዓችሁ አይለየን።» ከታችም በትንሹ «በሙስሊም እጅ የታረደ ለብቻው ተዘጋጅቷል» የሚል ጨመሩበት። የባልየው አባት የተደሰቱት በዚያች በትንሿ መስመር ነው አሉ። ግብዣ ካለበት ይህቺን አትርሱ።

የባቲና የአምባሰል ቅኝት የኛ ነው ብላችሁ ግን ስንኝ ከዘፈን አትቁረጡ፤ በተለይ ከትዝታ። ትዝታ የሄደ ሰው ዜማ ነው። አንዱ ለሚስቱ የመለያየት ስንኝ አስጽፎ ለዘመድ ሁሉ ቢበትነው፣ አማቶቹ ተጣልተዋል ብለው ሽማግሌ ለመላክ ተነሥተው ነበር።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሜዳ ቃል ነው። ለጓደኛ ላኩት፤ ለአማት ግን አይሆንም።

የፋሲካውን ፋይል ከፍታችሁ «ትንሣኤው» የሚለውን ሳትቀይሩ አትላኩ። ላንድ አዛውንት «አደረሰዎ» እንጂ «አደረሰህ» አይባልም። «አቶ እከሌ ከነቤተሰብዎ» ብላችሁ የሚስትን ስም አትዋጡ። በረዶና አጋዘን ይቅርባችሁ፤ የታኅሣሥ ውርጭ ያረፈበት የጦሳ ተራራ አለላችሁ። «የወሎ ቆንጆ» የሚለውን ለሚስታችሁ ለብቻዋ ንገሯት።

ታዲያ ምን እንጻፍ ትሉኛላችሁ። ከቤታችሁ የሆነ አንድ ነገር ያዙ፤ የሚላክለት ሰው የሚያውቀው፣ እጁ ያለበት ነገር። አምና ከመጡት አንዷ ለእናቷ ምን እንደምትጽፍ ጠፍቷት ብዙ ተቀመጠች። «እናትሽ ምን አስተማሩሽ?» አልኋት። «ድፎ መድፋት» አለች። እንዲህ ጻፍን፦

«እማዬ፣ ዘንድሮ ድፎውን በራሳችን ቤት እንደፋለን፤ ኮባውንም እንዳሳየሽኝ አድርጌ አለብሰዋለሁ። መጥተሽ ቁረሽልን። ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርስሽ።»

እናትየው በበዓሉ ዕለት ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ዳቦው ሲቀርብ ከመቁረሳቸው በፊት ቋጠሮውን ፈትተው፣ ለተሰበሰበው ሁሉ ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት።