ጅማ ላይ ነርስ ቀጥሮ ማቆየት፦ ከማስታወቂያው እስከ ሙከራ ጊዜው

ጅማ የጤና ባለሙያ የሚታጣባት ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ነርሱም፣ አዋላጁም፣ ፋርማሲስቱም እዚሁ ይመረቃል። ያም ሆኖ አንዳንድ የግል ክሊኒክ በር ላይ «ነርስ እንፈልጋለን» የሚለው ወረቀት ከዓመት ዓመት አይነሳም። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እንደኔ ችግሩ የአመልካች እጥረት አይደለም። ሰው የሚጠፋው በአቀጣጠራችንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አያያዛችን ነው።

ይህ ጽሑፍ የግል ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ለሚመሩ ነው። የመንግሥት ተቋም የሚቀጥረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሆነ አካሄዱ ይለያል። ስለ ቃለ መጠይቅና ስለ አቀባበል የማነሳው ግን እዚያም ይሠራል።

1. መጀመሪያ ሥራውን ይጻፉ

ከሜትሮኗ (ከነርሶች ኃላፊዋ) ጋር ቁጭ ይበሉ። ነርሷ የምትገባው ድንገተኛ ክፍል ነው፣ መርፌ ክፍል ነው ወይስ ማዋለጃ? በወር ስንት አዳር አላት? አዳር ላይ ብቻዋን ናት ወይስ ሰው አብሯት አለ? ይህ በአንድ ገጽ ይለቅ።

ጊዜውንም ያስቡበት። በአካባቢያችን ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። ኅዳር ላይ ኮሪደሩ ከሞላ በኋላ የተቀጠረ ሰው የሚያለማምደው አያገኝም። ቅጥሩን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጨርሱ።

2. ማስታወቂያው ላይ ደመወዙን ይጻፉ

«ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚለውን ይተዉት። በዚያ ቃል የመጣ ሰው ግማሹ ቁጥሩን ሲሰማ ይሄዳል፤ የእርስዎም የእሱም ቀን ይባክናል። ደመወዙን፣ የአዳር ክፍያውንና የአዳሩን ብዛት በግልጽ ያስቀምጡ። ሥራው የግድ ካልጠየቀ «2 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውንም ያውጡት። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ላይ ተቀምጦ አዲስ ተመራቂን መዝጋት አይገባኝም።

3. ሰው ሲሠራ ካዩት ይጠይቁ

የቴሌግራም ቻናልና የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲቪ ያመጣሉ። ጅማ ላይ ግን ከዚያ የተሻለ ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ከተለያየ ትምህርት ክፍል በቡድን ሆነው በከተማውና በዙሪያው ጤና ጣቢያዎች ይሠራሉ። እዚያ ያሉ ነርሶች ማን በሰዓቱ እንደሚገባ፣ ማን ታካሚ ላይ እንደሚጮህ አይተዋል። ደውለው ይጠይቁ። ይህ ዘመድ ከማስገባት ይለያል። ጥቆማ የመጣላትም ሴት ልክ እንደሌላው ትፈተን።

4. ወረቀቱን ያጣሩ

ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ ጊዜው ያላለፈ የሙያ ፈቃድ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ። ኮፒ አይበቃም። ኦሪጅናሉን ይዩ፣ ፈቃዱን ከሰጠው አካል ጋር ያመሳክሩ። ታካሚ የሚነካ ሰው እስኪጣራ ድረስ ሥራ አይጀምርም፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

5. ቃለ መጠይቁን በሥራ ይፈትኑ

«ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ለሁሉም የተሸመደደ መልስ አለው። የሚከተሉትን ሦስቱን ይሞክሩ።

አንደኛ፣ ስሌት። የጄንታማይሲን አምፑል ያቅርቡ። 2 ሚሊ ሊትሩ 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። «ለዚህ ሕፃን 30 ሚሊ ግራም ታዟል፤ ስንት ትስቢያለሽ?» ይበሉ። መልሱ 0.75 ሚሊ ሊትር ነው። ወረቀት ጠይቃ ቀስ ብላ ብታሰላ እሰየው። የሚያስፈራው ሳያሰላ የሚገምት ነው።

ሁለተኛ፣ ንግግር። አንዲት ባልደረባ ከዴዶ ወይም ከሰቃ እንደመጣች እናት ሆና ትቀመጥ። አመልካቿ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ዱቄት «ለምለም» እንዴት እንደሚበጠበጥ በአፋን ኦሮሞ ታስረዳት። ሲጨርሱ «እናትየዋ» የተረዳችውን መልሳ ትናገር። አንድ እሽግ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚለው ካልደረሳት ማስረዳቱ አልተሳካም። ጅማ ላይ አማርኛ ብቻ ይዞ ታካሚ ማከም ይከብዳል። ቋንቋው የሚጎድላትን ጎበዝ ነርስ ግን አይጣሏት፤ ለመማር ፈቃደኛ መሆኗን ይጠይቁና ቀን ቀን ከምታግዛት ጋር ይመድቧት።

ሦስተኛ፣ ርክክብ። የአንድ ታካሚ ካርድ ሰጥተው ለቀጣዩ ተረኛ እንደምታስረክብ ሆና ትንገርዎ። ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተሰጠው፣ ሌሊቱን ምን መከታተል እንዳለበት ካልተናገረች ስህተቱ አዳር ላይ ይመጣል።

ሜትሮኗ ፈተናው ላይ ትኑር፣ ድምፅም ይኑራት። አብራት የምትውለው እሷ ናት።

6. ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት ቀን 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል ቀን 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ውሉን ከመፈረሟ በፊት ቤቷ ወስዳ ታንብበው።

7. 60ዎቹን ቀናት ይምሯቸው

ብዙ ቦታ አዲስ ነርስ ሰኞ ትገባለች፣ ረቡዕ ብቻዋን አዳር ትወጣለች። ይህ ለእሷም ለታካሚውም ጭካኔ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቀን ተራ፣ በስም ከታወቀች አንዲት ነባር ነርስ ጋር ትሥራ። ለነባሯም ለዚህ ጊዜ ይሰጣት፤ በሙሉ ሥራዋ ላይ ተጨማሪ ሸክም አይሁን።

በመጀመሪያው ሳምንት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያስጀምሯት። በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ዙር ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። መርፌ ቢወጋት ለማን እንደምትናገር ያሳዩዋት። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እሑድ ሌሊት ማን ይደወልለታል? ስልኩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

መጓጓዣውንም አይርሱ። አምሽታ የምትወጣ ልጅ ቆጪ ወይም ቦሳ ቂጦ ድረስ ባጃጅ ፍለጋ በጨለማ መቆም የለባትም። ከአንድ የታወቀ የባጃጅ ሹፌር ጋር በወር መዋዋል ሌላ ነርስ ከመፈለግ ይቀላል።

በ15ኛው፣ በ30ኛውና በ45ኛው ቀን ሜትሮኗ ለብቻዋ ታነጋግራት። ምን ከበደሽ? ምን አላሳየንሽም? ማን ያስቸግርሻል? የተባለው ይጻፍ፤ እስከሚቀጥለው ውይይት ምን እንደተስተካከለም ይነገራት። ድክመት ካለ በ59ኛው ቀን ሳይሆን ያኔውኑ ይነገር።

8. የምትሄደውን በክብር ይሸኙ

ሙከራዋን የጨረሰች ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ መልቀቅ መብቷ ነው። መልቀቂያ አያንገላቱባት። የሥራ ልምድ ማስረጃ ስትጠይቅ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። በእነዚያ 30 ቀናት የምትተካትን ታሠልጥን። ጓደኞቿ ቀጥሎ የት እንደሚያመለክቱ ሲጠይቋት ስለ እናንተ የምትናገረው አሸኛኘቷን ነው።