በጃፓን የዘመን ስም የተጻፈን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር እንዴት እንለውጣለን?

ከጃፓን በሚመጣ ሰነድ ላይ፣ የመኪና ምዝገባ ወረቀትም ይሁን የልደት ማስረጃ፣ ዓመቱ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በንጉሠ ነገሥቱ የዘመን ስምና በቁጥር ነው። «ሄይሴይ 17» የሚለውን ያየ ገዢ መኪናው በ2017 የተመዘገበ ቢመስለው አይፈረድበትም። ትክክለኛው ዓመት ግን እ.ኤ.አ. 2005 ሲሆን፣ በዋጋ ክርክር ላይ የ12 ዓመት ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ስሌቱ ራሱ ተራ መደመር ነው፤ አስቸጋሪው አንዱ ንጉሠ ነገሥት በሌላው የተተካበት ዓመት ነው። ግራ እንዳያጋባ፣ ጃንዋሪ፣ ሜይ እያልሁ የምጠቅሳቸው ወራት የአውሮፓውያኑ፣ ጥቅምትና ኅዳር የምላቸው የእኛ ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን መለየት

በዘመናዊ ሰነድ ላይ የሚያጋጥሙት ስሞች አምስት ብቻ ናቸው፦ ሜይጂ፣ ታይሾ፣ ሾዋ፣ ሄይሴይ እና ሬይዋ። ቅጹ የላቲን ፊደል የሚጠቀም ከሆነ ኤም፣ ቲ፣ ኤስ፣ ኤች፣ አር በቅደም ተከተል እነዚህኑ ይወክላሉ፤ ያን ጊዜ ሥራው ተቃለለ ማለት ነው። በጃፓን ምልክት ብቻ የተጻፈ ከሆነ እያንዳንዱ ስም ሁለት ምልክት አለው። ሾዋና ሬይዋ በሁለተኛው ምልክት አንድ ስለሆኑ ዓይን መጣል ያለበት በመጀመሪያው ላይ ነው። የሬይዋው አናቱ እንደ ቤት ጣሪያ ሾጠጥ ያለ ነው፤ የሾዋው ግን በግራ በኩል መሐሉ በአግድም መስመር የተከፈለ ጠባብ ሳጥን አለው። ይኸው ሳጥን በሜይጂም መጀመሪያ ላይ ስላለ ቀኙንም ማየት ያስፈልጋል፤ የሜይጂው ቀኝ ወገን ከታች ክፍት ሆኖ ሁለት መወጣጫ ያለው መሰላል ይመስላል። ታይሾ እጁን ዘርግቶ እግሩን ከፍቶ በቆመ ሰው ቅርጽ ይጀምራል። ከእነዚህ ውጭ የሆነው ሄይሴይ ነው።

በስልክ ካሜራ የሚተረጉሙ መተግበሪያዎች በታተመ ጽሑፍ ላይ ደኅና ይሠራሉ፤ በእጅ ጽሑፍና በማኅተም ላይ ግን አላምናቸውም። ባለ 5 የን ሳንቲም ላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ በምልክት ነው፤ አንድ፣ ሁለትና ሦስት በአግድም መስመሮች፣ ዐሥር በመስቀል ቅርጽ ይጻፋሉ። የዘመኑ የመጀመሪያ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ በ1 ቁጥር ሳይሆን «ጋንኔን» ተብሎ ይጻፋልና ቁጥሩ ጠፋ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም።

ከዚያ መደመር

የፈረንጁን ዓመት ለማግኘት በሰነዱ ላይ ባለው ቁጥር ላይ ለሜይጂ 1867፣ ለታይሾ 1911፣ ለሾዋ 1925፣ ለሄይሴይ 1988፣ ለሬይዋ 2018 ይደመራል።

ዘመኑ የተለወጠበት ዓመት

ንጉሡ ከነገሠበት ዕለት ጀምሮ ድፍን ዓመት እየቆጠረ «በነገሠ በሦስተኛው ዓመት» ማለት የለመደ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በጃፓን ቁጥሩ የሚጨምረው ንጉሠ ነገሥቱ የነገሠበት ዕለት ሲታሰብ ሳይሆን ጃንዋሪ 1 በባተ ቁጥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ምንም ያህል አጭር ቢሆን ዲሴምበር 31 ላይ ያልቃል። የታይሾ ንጉሠ ነገሥት ዮሺሂቶ ያረፉት ዲሴምበር 25 ቀን 1926 ነበር፤ ልጃቸው ሂሮሂቶ በዚያው ዕለት ተተኩ፤ ሾዋ 1 የዘለቀው እስከ ዓመቱ መጨረሻ 7 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት የተወለደ ሕፃን ገና አራስ ሳለ ሾዋ 2 ገባ።

በሌላው ጫፍም ነገሩ ተደግሟል። ሂሮሂቶ ያረፉት ጃንዋሪ 7 ቀን 1989፣ በእኛ የ1981 የገና ዕለት ነው፤ ሾዋ 64ም 7 ቀን ብቻ ሆኖ ቀረ። ሄይሴይ የተጀመረው ግን በማግሥቱ ነው። በ1912 እና በ1926 አዲሱ ስም የዋለው ንጉሠ ነገሥቱ ባረፉበት ዕለት ስለሆነ ጁላይ 30 ቀን 1912 ሜይጂ 45ም ታይሾ 1ም ተብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ሁለቱም ስሕተት አይደሉም። የ1989ኙ ለውጥ ግን እንዲህ ያለ ድርብ ቀን የለውም።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠይቀው 2019ን ነው። አኪሂቶ ኤፕሪል 30 ዙፋናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ከ1817 ወዲህ እንዲህ ያደረገ ንጉሠ ነገሥት አልነበረም። ናሩሂቶ ሜይ 1 ተተኩ። ስለዚህ የዓመቱ የመጀመሪያ አራት ወራት ሄይሴይ 31፣ የቀሩት ስምንት ወራት ሬይዋ 1 ናቸው። ከጃፓን ወደ ፈረንጅ ስንሄድ ሁለቱም 2019 ይሰጡናል። ችግሩ በተገላቢጦሽ ስንሄድ ነው፤ ወሩ ካልታወቀ ስሙን መወሰን አይቻልም። ዓመቱን ብቻ ጠይቆ ወርና ቀን የማይጠይቅ የኢንተርኔት መለወጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«ሄይሴይ 35» የሚል መንጃ ፈቃድ ቢያጋጥም ሐሰተኛ ነው ብሎ ለመወርወር አይቸኮል። ከ2019 በፊት የተሰጡ ፈቃዶች የሚያበቁበት ቀን አስቀድሞ በሄይሴይ ስለታተመ ያልመጡ ዓመታት በወረቀት ላይ ቀርተዋል። እንደተለመደው 1988 ሲደመር 2023 ይሆናል፤ ይህም ሬይዋ 5 ነው። የተፈጸመን ድርጊት፣ ለምሳሌ ልደትን ወይም ምዝገባን፣ በሄይሴይ 33 አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰነድ ከሆነ ግን ማብራሪያ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር

በፈረንጁ በኩል ሳይዞሩ በቀጥታ መደመርም ይቻላል። ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ድረስ ላለ ቀን ለሾዋ 1917፣ ለሄይሴይ 1980፣ ለሬይዋ 2010 ይደመራል፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ይጨመራል። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ሾዋ 39፣ ኦክቶበር 21 ነው፤ 39 ሲደመር 1918፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሆነ። አኪሂቶ አልጋ ወራሽ ሳሉ አዲስ አበባ የመጡት በሾዋ 35 ኖቬምበር ነበር፤ በዚሁ ስሌት ኅዳር 1953፣ ከታኅሣሡ ግርግር ጥቂት ቀደም ብሎ ማለት ነው።

በጃፓንኛ መዛግብት ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከሜይጂ ወዲህ የዘመኑ ስም ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ በኋላ የእርሳቸው መጠሪያ ይሆናል፤ እኛ ሂሮሂቶ የምንላቸውን ጃፓኖች «ሾዋ ቴኖ» ይሏቸዋል፤ «ቴኖ» ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። በዙፋን ላይ ያሉት ግን «ቴኖ ሄይካ» (ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት) ይባላሉ እንጂ ናሩሂቶን «ሬይዋ ቴኖ» ማለት ነውር ነው፤ አኪሂቶም በሕይወት እስካሉ ድረስ «ጆኮ»፣ ማለትም ዙፋናቸውን የለቀቁ ንጉሠ ነገሥት ናቸው።

ከ1873 በፊት ከሆነ

እዚህ ላይ መደመሩን ማቆም ይሻላል። ጃፓን የፈረንጁን ካላንደር የተቀበለችው በጃንዋሪ 1 ቀን 1873 ነው፤ ከሜይጂ 5 ዐሥራ ሁለተኛ ወር ሁለተኛ ቀን በማግሥቱ ሜይጂ 6 ብሎ ገባ። ከዚያ በፊት ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር የዓመቱ መጨረሻ ወደ ቀጣዩ የፈረንጅ ዓመት ይሻገራል። የ47ቱ ሳሙራይ የበቀል ዘመቻ የተፈጸመው በጌንሮኩ 15፣ በዐሥራ ሁለተኛው ወር፣ በዐሥራ አራተኛው ቀን ነው፤ በመደመር ያሰላው ሰው ዲሴምበር 1702 ሲል፣ እውነተኛው ቀን በጃንዋሪ 1703 መጨረሻ ላይ ይውላል።

በዚያ ላይ ከ1868 በፊት አንድ ዘመን ለአንድ ንጉሥ የሚል ደንብ አልነበረም፤ ስሙ በእሳት አደጋ፣ በመጥፎ ምልክት ወይም በመልካም ዜና ምክንያት ይለወጥ ነበር። ከ1846 እስከ 1867 የነገሡት ኮሜይ ከአባታቸው ከወረሱት ሌላ ስድስት ስም አሳልፈዋል፦ ካኤይ፣ አንሴይ፣ ማንኤን፣ ቡንክዩ፣ ጌንጂ፣ ኬዮ። ከ1336 እስከ 1392 ባለው ጊዜ ደግሞ ሁለት ተቀናቃኝ ቤተ መንግሥቶች ስለነበሩ ለአንዱ ዓመት ሁለት የተለያዩ ስሞች ይገኛሉ። ለእንዲህ ያለው ቀን፣ የጨረቃ ወሩን ከነቀኑ የሚቀበል ሰንጠረዥ መጠቀም ነው፤ ለ14ኛው መቶ ዓመት ሰነድ ሲሆን ደግሞ ጸሐፊው ከሰሜኑ ወይስ ከደቡቡ ቤተ መንግሥት ወገን እንደነበረ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።