«ለምን ጥቁር አደረጓት?» እያልን ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አምስት ሆነን አንድ ፊልም አየን። ክርክሩ ከፊልሙ ረዘመ። አንዱ «ጥቁሯን ለይስሙላ ነው ያስገቧት» አለ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ባያስገቧትስ ኖሮ ዝም ልትል ነበር?» አለችው። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልሰማም። እኔም ጮኬያለሁ፣ አልዋሽም። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የተጯጯህነው በሐሳብ ተለያይተን ብቻ አይደለም። ስለ ፊልሙ ሳናወራ ስለ ፖስተሩ ስናወራ ነው ያመሸነው። እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች ልጻፋቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙን ሳያዩ መፍረድ

በ2022 ዲዝኒ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነችውን ልጅ ታሪክ ትሬይለር ለቀቀ። ዋናዋ ተዋናይት ሃሊ ቤይሊ ጥቁር ናት። ዩቲዩብ ላይ የውግዘት ዶፍ ወረደባት። ፊልሙ የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ልጅቷ ትተውናለች? ይህን ያየ ሰው ገና አልነበረም። ያወደሷትም ቢሆኑ አላዩም፤ የሁለቱም ወገን ችኮላ አንድ ነው።

ራስ ቆጥሮ መገላገል

«ስምንት ተዋናዮች አሉ፤ ሁለቱ ጥቁር ናቸው፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይህን ያልሰማ የለም።

ቁጥር ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በ2015 እና በ2016 ለኦስካር የትወና ሽልማት በየዓመቱ የታጩት 20ዎቹም ነጮች ነበሩ። ሁለት ዓመት በተከታታይ! ኤፕሪል ሬይን የተባለች ሴት ትዊተር ላይ የጀመረችው ሃሽታግ ዓለምን ያዳረሰው ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ቁጥር በሩ መዘጋቱን ያሳያል። በሩን አልፎ የገባው ሰው ምን እንደተሰጠው ግን አይነግረንም።

እኔ ገጸ ባሕርዩ ላይ ሦስት ነገር አያለሁ። የራሱ ጉዳይ አለው ወይ? ዋናው ሰውዬ በሌለበት ሲያወራ አይተነዋል ወይ? ከታሪኩ ብናወጣው የሚፈርስ ነገር አለ ወይ? ሦስቱም «የለም» ከሆነ፣ ያ ሰው የገባው ለታይታ ነው። ታውቁታላችሁ እኮ። ቤት የለውም፤ ዘመድ የለውም፤ ሥራው ነጩን ጓደኛውን መምከር ነው። መክሮ መክሮ ይሞታል። ከሱ ሞት በኋላ ጀግናው ቆርጦ ይነሳል። ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ በ2001 በየዩኒቨርሲቲው ሲናገር ይህን ዓይነቱን «ተአምረኛ ጥቁር» ክፉኛ ተሳልቆበታል። ተአምር መሥራት ይችላል፤ ለራሱ ግን ምንም አያደርግም።

ለይስሙላ መሆን ተዋናዩንም ይጎዳዋል። ሮዛቤት ሞስ ካንተር የተባለች ምሁር በ1977 ባሳተመችው ጥናት አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ሴቶችን ተከታትላለች። አንድ ወገን 15 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ሰውየው እንደ ሰው መታየቱ ይቀርና የወገኑ ናሙና ይሆናል። ሲሳሳት «እነሱ እንዲህ ናቸው» ይባላል። ሲሳካለት «ይሄ የተለየ ነው» ይባላል። ከአንድ ተዋናይ ላይ ይህን ሁሉ ሸክም ጭነን «ትወናው ለምን ደነዘዘ?» ብንል ትርፉ ትዝብት ነው።

«ድሮ የሚታየው ችሎታ ነበር» ማለት

ይህች ዓረፍተ ነገር በጣም ታናድደኛለች፤ ስለዚህ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

አና ሜይ ዎንግ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገች ቻይናዊ አሜሪካዊት ናት። በ1930ዎቹ በዓለም ታዋቂ ነበረች። የሆሊውዱ ስቱዲዮ ኤምጂኤም ስለ ቻይና ገበሬዎች ትልቅ ፊልም ሊሠራ ሲነሳ የሚስትየዋን ቦታ አጥብቃ ፈለገችው። የባልየው ቦታ ግን ለነጩ ለፖል ሙኒ ተሰጥቶ ነበር። የዘመኑ የሆሊውድ የምግባር ደንብ ደግሞ በነጭና በጥቁር መካከል ፍቅር ማሳየትን ይከለክል ነበር፤ ስቱዲዮዎቹ እስያውያንንም በዚያው ደንብ ይዳኙ ነበር። ስለዚህ የቻይናዊቷን ገበሬ ነጯ ሉዊዝ ራይነር ተጫወተችው። ለዎንግ የቀረበላት የአሳሳቿ ሴት ቦታ ነበር፤ እሷም እምቢ አለች። ፊልሙ በ1937 ወጣ፤ ራይነርም ኦስካር ወሰደችበት። ራይነር ደካማ ተዋናይት ነበረች አላልኩም። ግን ውድድሩ የቱ ጋ ነበር?

ዕድሉን ያገኘችውንም እንይ። ሃቲ ማክዳንኤል «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለን በምናውቀው ታሪክ ፊልም ላይ የቤት ሠራተኛዋን ሆና ተጫውታ በ1940 ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ሽልማቱ የተሰጠው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጥቁር በማያስገባ ሆቴል ነው። እሷም የገባችው ፕሮዲዩሰሩ አስፈቅዶላት ነው። የፊልሙ ሰዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ እሷ ግድግዳው ሥር ለብቻ በቀረበች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ስሟ ሲጠራ ከዚያች ጥግ ተነስታ አዳራሹን አቋርጣ ወደ መድረኩ ሄደች።

የኦስካርን ደንብ በወሬ ማወቅ

«አሁን ጥቁር ካላስገባህ ኦስካር አትወዳደርም» ይላሉ። ውሸት ነው። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በ2020 ያወጣው መስፈርት የሚመለከተው የምርጥ ፊልምን ዘርፍ ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም ለ2024ቱ ሽልማት ነው። መስፈርቶቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱን ማሟላት ይበቃል። ስክሪን ላይ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ከካሜራ ጀርባ ያሉ የሥራ ኃላፊዎችን፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ ልምምድን እና የማስታወቂያና የስርጭት ክፍሉን ሠራተኞች ይመለከታሉ። ተዋናዮቹ በሙሉ ነጭ የሆኑበት ፊልም ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። መስፈርቱ ላላ ብሎ የሚነቅፍ ሰው ካለ እሰማዋለሁ።

ተዋናዩን መሳደብ

ተዋናይ ራሱን አይመርጥም። የሚመርጡት ፕሮዲዩሰሩ፣ ዳይሬክተሩና ስቱዲዮው ናቸው። ቅሬታ ካለ ወደነሱ ነው። በእርግጥ ተዋናዩ እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ። በ2017 እንግሊዛዊው ኤድ ስክሬይን አንድ ፊልም ላይ ቦታ ከተቀበለ በኋላ ገጸ ባሕርዩ ፊልሙ በተቀዳበት ኮሚክስ (የሥዕል ታሪክ) ላይ የጃፓን ዘር ያለው መሆኑን ሲያውቅ ለቀቀ፤ ቦታውም ለዳንኤል ዴ ኪም ተሰጠ። የሚደነቅ ነው። ኪራይ ካለበት ጀማሪ ተዋናይ ግን ይህን መጠበቅ አይቻልም።

ሁሉን ገጸ ባሕርይ በአንድ ሚዛን መስፈር

የባሕር ውስጥ ፍጡር የቆዳ ቀለም አልተመዘገበም። በታሪክ የሚታወቅ ንጉሥ ሲሆን ጥያቄው ሌላ ነው። ስለ ዘር መድልዎ በሚናገር ታሪክ ውስጥ ደግሞ የቆዳው ቀለም ራሱ ታሪኩ ነው። ሦስቱን ቀላቅሎ «ታዲያ ማንዴላን ነጭ ይጫወተው?» ማለት ክርክር አይደለም፤ ማምለጫ ነው።

በተቃራኒው «ቀለም አላየንም፣ ጎበዙን መረጥን» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ የተዋናዩን የዱዌን ጆንስን ነገር ማንሳት እወዳለሁ። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ በትንሽ ገንዘብ ስለ ዞምቢዎች ፊልም ሲሠራ ስክሪፕቱ የመሪውን ሰው ዘር አይጠቅስም ነበር። ጆንስ በኦዲሽን ከሁሉም በለጠ፤ ተመረጠ። በቃ። ፊልሙ በ1968 ከማርቲን ሉተር ኪንግ ግድያ ስድስት ወር በኋላ ወጣ። መጨረሻው ላይ (ያላያችሁ ይቅርታ) ሌሊቱን ሙሉ ዞምቢ ተከላክሎ በሕይወት ያደረውን ይህን ጥቁር ሰው መሣሪያ የያዙ ነጮች ዞምቢ መስሏቸው በጥይት ይገድሉታል። ተመልካች ያንን ሲያይ ቀለሙ እንዴት አይታየው? መራጩ ቀለም ባያይ እንኳ፣ ምስሉ ተመልካቹ ልብ ውስጥ ያለውን ታሪክ ይቀሰቅሳል። ጎበዝ ዳይሬክተር ይህን ቀድሞ ያስብበታል።

«አንዷ አሸንፋለች፣ አለቀ» ማለት

ሃሊ ቤሪ በ2002 በኦስካር የመሪ ተዋናይት ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። እያለቀሰች በሩ መከፈቱን ተናገረች። በቀጣዮቹ 20 ሽልማቶች በዚያ በር የገባች ሌላ ጥቁር ሴት የለችም።

ከስክሪኑ ጀርባ አለማየት

ይሄኛው ክርክራችን ውስጥ ጭራሽ አይነሳም። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለረጅም ጊዜ የፎቶ ቀለም የሚስተካከልበትን ካርድ የሚሠራው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉታል። ነጭ ፊት ሲያምር ጥቁር ፊት ጨለማ ውስጥ ይቀር ነበር። ካሜራው ተሻሽሏል። የሜካፕ ክፍሉ ግን ሁልጊዜ አልተሻሻለም። ለነሱ ቆዳ የሚሆን ቀለም ስለማይገኝ የራሳቸውን ፋውንዴሽን ይዘው ቀረጻ እንደሚሄዱ፣ ፀጉራቸውንም ቤታቸው ተሠርተው እንደሚመጡ በአደባባይ የተናገሩ ጥቁር ተዋናዮች ብዙ ናቸው። እኛ «ለምን አስገቧት?» እያልን ስንጨቃጨቅ፣ እሷ ንጋት ላይ መስታወት ፊት ተቀምጣ የራሷን ሜካፕ ከቦርሳዋ እያወጣች ነው።