ክኒኑን ሳይሰብሩ ውስጡን ማየት፦ በቴራኸርዝ ጨረር እንዴት እንደሚሰራ

ካርባማዜፒን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ ክሪስታል ሲሠራ የሚደረደርበት መንገድ ግን ብዙ ነው። እርጥበት ካገኘው ደግሞ ውሃ ይዞ ሌላ ክሪስታል ይሆናል። የሚሟሟበት ፍጥነትም አብሮ ይቀየራል። በ1998 የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው የሪቶናቪር ካፕሱል ከገበያ የወጣው በዚሁ ጣጣ ነው፤ ያልታሰበ፣ በቀላሉ የማይሟሟ ክሪስታል ብቅ አለበት።

ቴራኸርዝ ይህን አደራደር ይለያል። በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መሀል ያለ ጨረር ነው። ሞለኪውሎቹ በክሪስታሉ ውስጥ ተያይዘው ሲወዛወዙ የሚውጡት ድግግሞሽ እዚህ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ አየሩን አድርቁ። የውሃ እንፋሎት ጨረሩን እየዋጠ የውጤቱ ግራፍ ላይ የራሱን ጥርስ ይስላል። ስለዚህ የናሙናው ክፍል በደረቅ ናይትሮጅን ይሞላል። የእርጥበት መለኪያው እስኪወርድ ጠብቁ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ናሙናው። 40 ሚሊግራም መድኃኒት ከ360 ሚሊግራም የፖሊኢትሊን ዱቄት ጋር ቀላቅሉ፤ ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ነው፤ ቴራኸርዝን እንደ መስኮት መስታወት ያሳልፋል። መድኃኒቱን እንደ በርበሬ አትውቀጡት! ውቀጣ ራሱ ክሪስታሉን ሊቀይረው ይችላል፤ ያኔ የምትለኩት መድኃኒቱን ሳይሆን የሙቀጫውን ሥራ ነው። ቀስ ብላችሁ ንፉትና ደቃቁን ውሰዱ፤ ትልልቅ ቅንጣት ጨረሩን ይበትነዋል። ከዚያ 13 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቅርጽ ማውጫ ጨምቁት። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ጭነቱንም አታብዙ፤ እሱም እንደ ውቀጣው ክሪስታሉን ሊቀይረው ይችላል።

አሁን ለኩ። በቅድሚያ ንጹሕ ፖሊኢትሊን፣ ከዚያ ናሙናው። ሁለቱን ማነጻጸር የኮምፒውተሩ ድርሻ ነው። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የወተት ስኳር፣ ማለትም ላክቶስ ሞኖሃይድሬት አስገባለሁ። ግራፉ 0.53 ቴራኸርዝ ላይ ሹል ጫፍ አለው። ጫፉ ቦታው ላይ ካልተገኘ መሣሪያውን እንጂ መድኃኒቱን አትጠርጥሩ።

ምስል ለማንሳት ግን ክኒኑ እንዳለ ይቀመጣል። ጨረሩ አንዴ ከሽፋኑ ላይ፣ አንዴ ከሽፋኑ ሥር ይመለሳል። በሁለቱ ማሚቶዎች መሀል 1 ፒኮሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ ትሪሊዮንኛ፣ አለ እንበል። ብርሃን በዚያ ጊዜ 300 ማይክሮን (0.3 ሚሊሜትር) ይሄዳል። መንገዱ ደርሶ መልስ ስለሆነ ለ2፣ ሽፋኑ ብርሃንን ስለሚያዘገይ ደግሞ ለ1.5 አካፍሉት። ውፍረቱ 100 ማይክሮን ነው። ሽፋኑ በጣም ስስ ከሆነ ማሚቶዎቹ ይደራረቡና ስሌቱ አይሠራም።

ክኒኑን እያዞራችሁ ነጥብ በነጥብ ስትለኩ የሽፋኑ ካርታ ይወጣል። ጎኑን በደንብ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳው እዚያ ነው። ማሸጊያው አሉሚኒየም ከሆነ ግን ክኒኑን አስቀድማችሁ አውጡት፤ ብረት ይህን ጨረር አያሳልፍም።