በጡረታ ዘመን የመጀመሪያ ልቦለድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ሠላሳ ዓመት አስተምረው ወይም በመንግሥት ቢሮ አገልግለው ጡረታ ሲወጡ፣ ከመሳቢያ የከረመ ደብተር የሚያወጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ደብተሩ ውስጥ ያለው ልቦለድ አንዳንዴ ከታተሙት ይበልጣል። የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው። «ዕድሜዬ እየሄደ ነው» የሚለው ስጋት ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ይወልዳል።

የሦስት መንግሥት ዘመን በአንድ መጽሐፍ መክተት

ከንጉሡ ጊዜ ተነሥቶ 66ን፣ 77ን፣ 83ን እያቋረጠ እስከ ዛሬ የሚመጣ ረቂቅ ብዙ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ኖረው ሳይሆን ዘመን አሳልፈው ያልቃሉ። አንድ ዓመት ይምረጡ፤ የቀረው በሰዎቹ ትዝታና ወሬ ይግባ። በዚያው ልክ ደግሞ መንዝን ትቶ በደንብ ስለማያውቁት የአዲስ አበባ ቪላ መጻፍ አለ። የጓሳ ሣር እንዴት እንደሚታጨድና ቤት እንደሚከደን፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌሩ ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው ይህን ሀብት ለምን ይጥላል? የአገሬው ቃል ለሌላው አንባቢ ይከብዳል ብለው ከሰጉ፣ በቅንፍ አይፍቱት፤ አገባቡ ይፍታው። «ባናውን እስከ አናቱ ስቦ ተሸፈነ» ከተባለ ባና የሚለበስ መሆኑን ማንም ይረዳል።

ለዘመድ አስነብቦ «ጥሩ ነው» መባልን ማመን

ሽበት ያለውን ሰው ፊት ለፊት «መጽሐፍዎ ይሰለቻል» የሚል በእኛ አገር አይገኝም። ይሉኝታው ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ የቀድሞ ተማሪዎችዎማ ጨርሶ አይሞክሩትም። ስለዚህ «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ። ረቂቁን ለሦስት ሰዎች ይስጡ፤ አንዱ ወጣት፣ አንዱ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ አንዱ በዝና ብቻ የሚያውቅዎ ይሁን። ከዚያ «ስንተኛው ገጽ ላይ አስቀመጥከው?» ይበሉ። ሁለቱ ተቀራራቢ ገጽ ከጠሩ፣ ችግሩ ከዚያ አሥር ገጽ ቀደም ብሎ ይፈለግ።

ከተየበው እጅ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት መላክ

በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሲገባ ሦስት እንከን ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ፎንት ነው። ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ ፎንቶች የተየበ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ኒያላን ወይም አቢሲኒካን በመሰለ የዩኒኮድ ፎንት እንዲተየብ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሲረከቡም በዎርድና በፒዲኤፍ ይቀበሉ። ሁለተኛው፣ አራት ነጥብ መሆን ያለበት ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ሆኖ ይገኛል፤ «፡፡»ን ፈልጎ በ«።» መተካት የደቂቃ ሥራ ነው። ሦስተኛው ይከብዳል፦ ገጽ 10 ላይ «ኃይሉ» የነበረው ሰው ገጽ 90 ላይ «ሀይሉ» ይሆናል። የሰውና የቦታ ስሞችን፣ «ሠርግ» ወይም «ሰርግ» የመሰሉ ምርጫዎችን በአንድ ወረቀት ዘርዝረው ለተየበው ሰው ይስጡት። ከዚያ ረቂቁን አንድ ወር ይተዉትና ጮክ ብለው ያንብቡት። ምላስ የሚያደናቅፈው ዓረፍተ ነገር አንባቢንም ያደናቅፋል።

ባህር ዛፉን ሸጦ 3,000 ኮፒ ማሳተም

ትልቁ ኪሳራ እዚህ ነው። ማተሚያ ቤቱ «ብዙ ካሳተሙ የአንዱ ዋጋ ይረክሳል» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ የፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) እና የዝግጅት ወጪው ለብዙ ኮፒ ይከፋፈላልና። ግን ያልተሸጠ መጽሐፍ ርካሽ አይባልም።

መጀመሪያ ገጹን ያስሉ። በኤ5 መጠን፣ በ12 የፊደል መጠን፣ በገጽ 250 ቃላት ግድም ይገባል። 60,000 ቃላት 240 ገጽ ማለት ነው። መጽሐፍ በ16 ገጽ ፎርም (ታጥፎ 16 ገጽ በሚሆን አንድ ትልቅ ወረቀት) ስለሚታተም 240 ልክ 15 ፎርም ይሆናል። 243 ገጽ ከሆነ ግን ለ16 ፎርም ይከፍላሉ፣ 13 ባዶ ገጽ ይተርፋል። ሦስት ገጽ መቀነስ ይሻላል።

ቀጥሎ ብሩን ያስሉ። ለምሳሌ አንዱን ማሳተም 200 ብር ቢፈጅ፣ የሽፋኑ ዋጋ 400 ቢሆንና አከፋፋዩ 35 ከመቶ ቢወስድ፣ ከአንድ መጽሐፍ የሚደርስዎ 260 ብር ነው። 1,000 ካሳተሙ ያወጡትን 200,000 ብር ለመመለስ 770 ያህል መሸጥ አለበት። ስምዎን የማያውቅ ገበያ ውስጥ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። በ500 ይጀምሩ።

በቃል መተማመን

መጽሐፍ ለመደብር በአደራ ሲሰጡ ብዛቱ፣ የቅናሹ መቶኛ፣ የክፍያው ቀንና ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስ በወረቀት ይጻፍ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። «ሲሸጥ እንደውልልዎታለን» ውል አይደለም።

መጋዘን

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ የክረምቱ እርጥበት መሬት ላይ የተቀመጠ ካርቶን ይበላል። ከወለሉ በእንጨት ከፍ ያድርጉ፣ ከግድግዳም ያርቁ።

ገንዘቡን በምረቃ መጨረስ

አዳራሽ፣ የክብር እንግዳ፣ ረጅም ንግግር፤ በማግስቱ መጽሐፉን የሚያነሣ የለም። ያን ገንዘብ ለትምህርት ቤቶችና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሚሰጥ 30 ኮፒ ይለውጡት።

ወረቀት ብቻ ማሰብ

ዘግይተው ለጀመሩ ማጽናኛ ሲፈለግ የሐዲስ ዓለማየሁ ስም ይጠራል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲወጣ 56 ዓመታቸው ነበር። ንጽጽሩ ግን ያሳስታል፣ እርሳቸው ቀድሞውንም የታወቁ ዲፕሎማት ነበሩ። የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፦ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ያልያዘው ሕዝብ ሰማው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ 2,000 ቃል ያህሉን፣ ጥሩ ድምፅ ባለው ሰው ያስቀርጹ፤ 20 ደቂቃ ግድም ይሆናል። በቴሌግራም ይልቀቁት። ሙሉውን ፒዲኤፍ ግን ለማንም አይላኩ፤ አንዴ ቻናል ላይ ከወጣ መሰብሰቢያ የለውም።

መብትንና ፋይልን ችላ ማለት

በአዋጅ 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት ሥራው ሲፈጠር ይጀምራል፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ መብቱ ከእርስዎ በኋላ የማን እንደሚሆን አሁኑኑ በኑዛዜ ይጻፉ። የሽፋኑንና የውስጡን የመጨረሻ ፋይል ደግሞ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ይረከቡና በሁለት ፍላሽ ያስቀምጡ፤ ያ ፋይል ዲዛይነሩ ዘንድ ከቀረ ሁለተኛው እትም እንደገና ከትየባ ይጀምራል።