«ሳይኮሎጂስት ነኝ አላልኩም እኮ»፦ በካሊፎርኒያ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የካሊፎርኒያን የሳይኮሎጂ ፈቃድ ሕግ አንብቦ ለመጨረስ ሁለት ምሽት ይበቃል። ሆኖም ወገናቸውን ለመርዳት ከልባቸው የሚነሱ፣ ከአገር ቤት ጥሩ ትምህርት ይዘው የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ዛሬም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃሉ። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው ሕጉ የሚዘጋው አንድ በር ብቻ እየመሰላቸው ነው። በሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሥራው፣ ሁለተኛው ስሙ።

ስሙን እንደ ቀላል ማየት

ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይሄኛው ነው። ሎስ አንጀለስ ሊትል ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት በር እንዲህ የሚል በራሪ ወረቀት ተለጥፎ ያስቡ፦

«ለትዳር ችግር፣ ለጭንቀትና ለሱስ፣ ልምድ ባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ የምክር አገልግሎት በአማርኛና በትግርኛ እንሰጣለን። የመጀመሪያው ቀጠሮ በነፃ።»

የለጠፈው ሰው ፈቃድ ከሌለው፣ በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሁለቱንም በር ሰብሯል። አንቀጽ 2903 የሳይኮሎጂን ሥራ ሲተረጉም የሰውን ባሕርይ ለመረዳት፣ ለመተንበይና ለመለወጥ የሳይኮሎጂን መርሆዎችና ዘዴዎች መጠቀም ይላል፤ ቃለ መጠይቅ፣ የምክር አገልግሎት፣ ሳይኮቴራፒ፣ ሂፕኖሲስ፣ የአእምሮ ችሎታና የስብእና ፈተና ማዘጋጀት፣ መስጠትና መተርጎም ሁሉ በስም ተጠርተዋል። አገልግሎቱን መስጠት ብቻ ሳይሆን «እሰጣለሁ» ብሎ ማቅረብም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድም ደንበኛ ሳይመጣ ወረቀቱ ራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። «የመጀመሪያው በነፃ» ማለት ለሻይ ቤት ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ አያድንም።

ቀጥሎ የሚመጣው መከላከያ «በአማርኛ ነው የጻፍኩት፣ ሳይኮሎጂስት የሚል ቃል የለበትም» የሚለው ነው። አንቀጽ 2902 ሳይኮሎጂ፣ ሳይኮሎጂስት፣ ሳይኮቴራፒስት፣ ሳይኮአናሊስት የመሳሰሉትን ቃላት ከዘረዘረ በኋላ አንድ ጭራ ይጨምራል፦ ወይም በሳይኮሎጂ መስክ የሠለጠነ፣ ልምድ ያለው ወይም ኤክስፐርት ነኝ ብሎ ራሱን ለሕዝብ ያቀረበ። «ልምድ ያለው የሥነ ልቦና ባለሙያ» ቃል በቃል ይህ ጭራ ነው። ፊደሉ ማንንም አይደብቅም፤ ቅር ተሰኝቶ ፈቃድ ለሚሰጠው የካሊፎርኒያ የሳይኮሎጂ ቦርድ አቤት የሚለው ሰው አማርኛ አንባቢ ነውና። «ላይፍ ኮች» ብሎ ስሙን መቀየርም ለስሙ በር ብቻ ነው፤ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ድብርት የሚያክም ከሆነ የሥራው በር እንደተሰበረ ነው። ቅጣቱ እስከ ስድስት ወር እስራት፣ እስከ 2,000 ዶላር ወይም ሁለቱም።

ወረቀቱ እንዴት ይታረም? ካህን ወይም ፓስተር ከሆኑ አንቀጽ 2908 በአገልግሎትዎ ወሰን ውስጥ ይፈቅድልዎታል፤ ዋጋው ቃሉን መተው ነው። «መንፈሳዊ ምክር» ይበሉ፣ «ሥነ ልቦና» የሚለውን ያውጡ። ፈቃድ ካለዎት ደግሞ የፈቃድ ቁጥርዎን ያስቀምጡበት፤ ደንበኛው በቦርዱ ድረ ገጽ ፈልጎ ያገኘዋል።

ከለንደን ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ ልማድ

በእንግሊዝ ከ2009 ጀምሮ በሕግ የተጠበቁት ዘጠኝ መጠሪያዎች ናቸው፤ ክሊኒካል፣ ካውንስሊንግ፣ ፎረንሲክ እያሉ ይቀጥላሉ። «ሳይኮሎጂስት» ብቻውን ሲቆም ግን አልተጠበቀም። በእስራኤል የ1977ቱ የሳይኮሎጂስቶች ሕግ «ሳይኮሎጂስት»ን በመዝገብ ለተመዘገበ ብቻ ሲሰጥ «ሳይኮቴራፒስት»ን ክፍት ትቶታል። ካሊፎርኒያ ሁለቱንም ዘግታለች። የድሮ ቢዝነስ ካርድዎን ሻንጣ ውስጥ ይተዉት።

«አገር ቤት ማስተርስ አለኝ፣ ፈተናውን ብቻ ልውሰድ»

በካሊፎርኒያ የሳይኮሎጂስት ፈቃድ የሚጠይቀው የዶክትሬት ዲግሪ ነው። ዲግሪው ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ከሆነ ቦርዱ ከሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት የአቻነት ግምገማ ያስፈልጋል። «ኢ ትሪፕል ፒ» (EPPP) የሚባለው አገር አቀፍ ፈተና 225 ጥያቄ አለው፤ ነጥብ የሚያዝባቸው 175ቱ ናቸው፣ የቀሩት ለሙከራ የገቡ ናቸው። ከዚያ የግዛቱ የሕግና የሥነ ምግባር ፈተና ይከተላል። ማስተርስ ላለው ሰው መንገዱ ሌላ ቦርድ ጋ ነው፤ የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስት ወይም ክሊኒካል ካውንስለር ፈቃድ። ይህ ዝቅ ማለት አይደለም፤ ዶክትሬት እስኪያገኙ ዓመታት ከመጠበቅ ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው።

ሰዓት ቆጥሮ ሰዓት ማጣት

ለጀማሪዎች አንጀት የሚበላው ይሄ ነው፤ ጥፋቱ የስንፍና ስላልሆነ። የሚፈለገው 3,000 ሰዓት በሱፐርቪዥን፣ ማለትም ኃላፊነቱን በወሰደ ባለሙያ ክትትል፣ የተሠራ ልምድ ነው፤ ቢያንስ 1,500ው ከዶክትሬት በኋላ። እያንዳንዱ 1,500 ሰዓት በተከታታይ 30 ወር ውስጥ ማለቅ አለበት። በሳምንት ከ44 ሰዓት በላይ አይቆጠርም፤ 60 ሰዓት ቢሠሩም 44 ነው። ሱፐርቪዥኑ በሳምንቱ ከሠሩት ሰዓት አሥር በመቶ መሆን አለበት፦ 40 ሰዓት ለሠራ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ከዋናው ሱፐርቫይዘር ጋር ለብቻ። በየሳምንቱ ነው የሚታየው። አንድ ሳምንት የጎደለውን በሚቀጥለው ሳምንት ደርቦ ማካካስ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይካካስም።

የሱፐርቪዥን ስምምነቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ መፈረም አለበት። በግል ቢሮ የሚሠሩ ከሆነም በቦርዱ መመዝገብ ይቀድማል፤ ሳይመዘገቡ የሠሩት ወር ለቦርዱ እንዳልተሠራ ነው። በዚያ ላይ በእኛ ዘንድ የሚዘወተሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የአጎት ልጅን ወይም ሚስትን ሱፐርቫይዘር ማድረግ ነው፤ ዝምድና ያለበት ሱፐርቪዥን ውድቅ ይሆናል። ሌላው ለሱፐርቫይዘሩ «ለድካሙ» ብሎ ገንዘብ መስጠት ነው። ሰልጣኙ ከፍሎ ያገኘው ሰዓት አይቆጠርም፤ ገንዘብም ባይሆን ሌላ ውለታ ያው ነው።

የሚያገኙት ደንበኛም ፈቃድ እንደሌለዎትና በሱፐርቪዥን ሥር እንደሚሠሩ አስቀድሞ በጽሑፍ ማወቅ አለበት።

«በዙም ነው የማየው»

የሚታየው ደንበኛው የተቀመጠበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ሆነው ኦክላንድ ያለ ሰው በዙም የሚያዩ ከሆነ ሥራው የሚሠራው ካሊፎርኒያ ነው። ሕጉ ከሌላ የአሜሪካ ግዛት ወይም ከካናዳ ለመጣ የዶክትሬት ደረጃ ፈቃድ በዓመት 30 ቀን ይፈቅዳል፤ የኢትዮጵያ ፈቃድ በዚያ ውስጥ የለም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ሳይኮሎጂስቶች ደግሞ ሳይፓክት የተባለው የግዛቶች ስምምነት በየቦታው የሚሠራ ይመስላቸዋል። ካሊፎርኒያ አልገባችበትም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲያዩት የነበረው ደንበኛ ሎስ አንጀለስ ከገባ 30 ቀን አለዎት፤ ቀኑን ይቁጠሩ፣ በዚያው ጊዜ ለሌላ ባለሙያ ያስተላልፉ።

መድኃኒት ማዘዝ

አይቻልም። ኒው ሜክሲኮ በ2002 ተጨማሪ ሥልጠና ለወሰዱ ፈቅዳለች፣ ካሊፎርኒያ በአንቀጽ 2904 ከልክላለች። «ይሄን ኪኒን ግማሽ አድርገህ ውሰድ» ማለትም ማዘዝ ነው።

«በእኔና በአንተ መካከል ይቀራል»

እንዲህ ብሎ በሙሉ አፍ ቃል መግባት ስህተት ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ታራሶፍ በተባለው ጉዳይ ከሰጠው ፍርድ ወዲህ ደንበኛው ተለይቶ በታወቀ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ ከዛተ ቴራፒስቱ ዝም ማለት አይችልም። በልጅ ላይ ጥቃት መፈጸሙን ከጠረጠሩ ደግሞ ወዲያው ስልክ መደወል፣ በ36 ሰዓት ውስጥ የጽሑፍ ሪፖርት መላክ ግዴታ ነው። ሱፐርቫይዘሩን አማክሮ መተው አይበቃም፤ ግዴታው የሰማው ሰው የራሱ ነው። አባት «ልጁን በቀበቶ ገርፌ ነው ያሳደግኩት፣ አሁንም ሲያጠፋ እገርፋለሁ» ብሎ ከተናገረ በኋላ ስለ ምስጢር ገደብ ማስረዳት ወጥመድ ይመስላል፤ እንደ ወጥመድም ያየዋል። ገደቡን የሚነግሩት በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ እሱ ገና ምንም ሳይናገር፣ በአማርኛ ተጽፎ ከሚፈርምበት ወረቀት ጋር ነው።